የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ጊዜ ሲግል ስንት ሥራ ይሠራል?

ከከሰላ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በአትባራ ወንዝ ዳር የምትገኘው የኸሽም ኤል ቂርባ ከተማ ስሟ በአገሩ ዓረብኛ «የውኃ ስልቻው አፍ» እንደ ማለት ነው። ቂርባ መንገደኛ ውኃ ይዞ የሚጓዝበት የቆዳ ስልቻ ነውና፣ ስሙ ለቦታው የተስማማ ሆኖ ይገኛል። ከ1960 እስከ 1964 ባሉት ዓመቶች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ስፍራ ታላቅ ግድብ ተሠራ። የግድቡም ዋና ዓላማ፣ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ውኃ አገራቸውን የሚሸፍንባቸው በመሆኑ ከዋዲ ሐልፋ ተነሥተው በአዲስ ሐልፋ ለሠፈሩት 50,000 ያህል ሰዎች የተሰጠው መሬት በመስኖ ይለማ ዘንድ ነበር።

ውኃው የሚወርደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። አትባራ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን ካሉት የጎንደር ተራሮች ይነሣል፤ ሱዳኖች ሰቲት የሚሉት ተከዜም ከግድቡ በላይ ይቀላቀለዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ወንዙ ከውኃው ጋር አፈር ጠርጎ ስለሚወርድ፣ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ የነበረው ግድብ በጥቂት ዓሥርተ ዓመታት ውስጥ የግማሽ ያህሉን ስፍራ ለደለል ለቅቋል። ደለሉን ጠርጎ ለማስወጣት ሲባልም ከ1971 ጀምሮ በክረምት ወራት ውኃውን ለቅቆ ግድቡን ማጠብ ልማድ ሆነ። ውኃው በተለቀቀ ጊዜ ደግሞ ኤሌክትሪኩም ይቀንሳል።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ምጣድ እናወራለን ብለን ስለ ግድብ ማውራታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይል 20 ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም፤ ይኸውም ሃያ ሚሊዮን ዋት ማለት ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ እንደየሥራው ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። እንግዲህ በብዕር ተሰልቶ ሲታይ፣ ይህ ሁሉ ድንጋይና ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግድብ ለመብራቱም፣ ለውኃ መሳቢያውም፣ ለፋብሪካውም ምንም ሳይተርፍለት ያለ የሌለ ኃይሉን ለምጣድ ብቻ ቢሰጥ፣ በአንድ ጊዜ ማጋል የሚችለው ከ6,000 ያነሰ ምጣድ ነው። በቤታችን ውስጥ አንዲት ማብሪያ ስንጫን ከወንዙ የምንጠይቀው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እርግጥ ነው፣ አገሩ ኃይል የሚያገኘው ከዚህ ግድብ ብቻ አይደለም። በ2013 ከጎንደር በመተማ በኩል አድርጎ ገዳሪፍ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ጀምሮ፣ የኢትዮጵያ ወንዞች ያመነጩት ኃይል ድንበር ተሻግሮ ለሱዳን መሸጥ ተጀምሯል። በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይም ከቂርባው እጅግ የሚበልጥ ሌላ ግድብ ተሠርቷል። ነገር ግን ከሚያዝያ ወር 2023 አንሥቶ በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ የምሥራቁ ክፍል ከየአቅጣጫው በሸሸ ሕዝብ ተጨናንቋል፤ የኤሌክትሪኩም ነገር ይበልጡን አስቸጋሪ ሆኗል። ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ በቆጣሪ የሚጠቀም ቤተሰብ፣ የገዛው ኃይል ከወር አጋማሽ በፊት ሲያልቅበት በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ምጣዱን ነው። ጥርጣሬውም ትክክል ነው።

ይህ በመሆኑ ብዙ እመቤቶች ምጣዱን ለእንጀራ ብቻ በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ አግለው፣ የቀረውን ጊዜ ሁሉ በማዕዘን አቁመው ይተዉታል። አምባሻ ሲያስፈልግ ሌላ ቀን ይለኮሳል፤ ዳቦ ሲያስፈልግ ደግሞ ሌላ ቀን። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው ቁም ነገር ግን አንድ ብቻ ነው፤ የምጣድ ኪሳራው ብዙ መሥራቱ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ከቅዝቃዜ መነሣቱ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በጋለ ምጣድ ላይ ሥራዎችን እንደየትኩሳታቸው አስከትሎ መሥራት የሚችል ቤት፣ ከዚያው ዕቃና ከዚያው ገንዘብ የበለጠ ጥቅም ያገኛል።

ምጣዱ እንዴት እንደሚሠራ

በትግርኛ ሞጎጎ የሚባለው ምጣድ በኤሌክትሪክ ሲሠራ፣ ሸክላው በሥሩ እየዞረ የሚሄድ ቦይ ይቀረጽለትና በቦዩ ውስጥ የተጠመዘዘ የሽቦ ማሞቂያ ይቀበራል። ሽቦው ሲግል ሙቀቱ ቀስ እያለ በሸክላው ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ሸክላ ሙቀትን በፍጥነት የሚያሳልፍ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ለመጋል አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ነገር ግን ይኸው ጠባዩ ከጋለ በኋላ ጥቅም ይሆነናል፤ ለመጋል የዘገየ ለመብረድም ይዘገያልና።

ስፋቱ ስድሳ ሣንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ሁለት ሣንቲ ሜትር የሆነ ሸክላ ክብደቱ አሥር ኪሎ ያህል ነው። ይህ ሸክላ ከ200 ዲግሪ ተነሥቶ ወደ 60 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ የሚለቀው ሙቀት፣ ከፊሉ ሳይባክን ሁሉም ቢሰበሰብ፣ አራት ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ እስከ መፍላት ሊያደርስ የሚችል ነው። በእርግጥ አብዛኛው ወደ አየር ስለሚበተን ይህን ሁሉ መልሶ ማግኘት አይቻልም። ቢሆንም እንጀራው አልቆ ማብሪያው ከጠፋ በኋላ በምጣዱ ላይ የሚቀረው ሙቀት ዋጋው የተከፈለበት ንብረት መሆኑን ልናስተውል ይገባል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ እስኪግል ድረስ በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ 0.875 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨርሳል፤ ይህም አንዲት እንጀራ ሳትጋገር ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለእንጀራ፣ አንድ ቀን ለአምባሻ፣ አንድ ቀን ለዳቦ የሚለኮስ ምጣድ አራት ጊዜ ይግላል። አምባሻውና ዳቦው ከእንጀራው ጋር በሁለቱ ቀኖች ቢጋገሩ ግን ሁለት ማጋያ ይተርፋል፤ በአራት ሳምንት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል በየማታው አምስት አምስት ሰዓት የሚበራ ከሆነ፣ ይህ የተረፈው ኃይል 140 ማታ ያበራል። ልጆች ለሚያጠኑበት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የሥራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ፣ ሊጡ ሳይዘጋጅ ምጣዱ መለኮስ የለበትም። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ማሰሻውና የጎመን ዘሩ ቀርቦ፣ ሰፌዱ በእጅ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ማብሪያው ይጫናል። ምጣዱ በሚግልበት ጊዜም አክንባሎው ተደፍቶበት መቆየት አለበት፤ ክፍት ሆኖ የሚግል ምጣድ ቤቱን እንጂ ሊጡን አያሞቅምና። የአምባሻው ሊጥም ከዚህ አስቀድሞ ሊቦካ ይገባዋል። በቂርባና በገዳሪፍ ሙቀት የዳቦ ሊጥ ፈጥኖ ኩፍ ስለሚል፣ ሠላሳ እንጀራ ለመጋገር የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ያህል ለአምባሻው ሊጥ የመነሻ ጊዜ ይሆነዋል።

ሁለተኛ፣ ምጣዱ በኃይል እንደ ጋለ እንጀራው ይቀድማል። የጤፍም ሆነ የማሽላ እንጀራ ዓይኑ የሚወጣው በብርቱ ትኩሳት ነው፤ ሌላ ሥራ ከፊት ቢገባ ትኩሳቱን ይሰርቀዋል። አንዱ ወጥቶ ሌላው እስኪሰፋ ባለው ጊዜም ክዳኑን ከፍቶ ወሬ መጀመር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሊጡ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ማብሪያው ከጠፋ በኋላ በተረፈው ሙቀት መጋገር ይቻላል። ብዙዎቹ የቤት ምጣዶች ትኩሳቱን በራሱ የሚቆጣጠር መሣሪያ ስለሌላቸው፣ የማብራቱና የማጥፋቱ ብልሃት የጋጋሪዋ ነው።

ሦስተኛ፣ አምባሻው ይከተላል። አምባሻ እንደ እንጀራ ብርቱ ትኩሳት አይወድም፤ በኃይል በጋለ ምጣድ ላይ የተጣለ እንደ ሆነ ላዩ አሮ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። ስለዚህ ማብሪያው ጠፍቶ የምጣዱ ንዳድ ጥቂት ከቀነሰ በኋላ አምባሻው ይጣላል፤ አክንባሎው ይደፋበታል፤ የታችኛው ፊት ሲቀላ ይገለበጥና፣ ያን ጊዜ ማብሪያው ለጥቂት ደቂቃ ተመልሶ ይጫናል። ድፎ ዳቦም በዚሁ መንገድ ይጋገራል። በቆላው አገር ኮባ ስለማይገኝ በዘይት የታሸ ዝርግ ትሪ በቅጠሉ ፋንታ ሊያገለግል ይችላል። ከላይ እሳት ስለማይደረግበት ግን በመካከሉ መገልበጥ የግድ ነው።

አራተኛ፣ ማብሪያው ለመጨረሻ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ምጣዱ ገና አልበረደምና፣ ለስለስ ያለ ሙቀት የሚሹት ነገሮች ተራቸውን ያገኛሉ። የተቆራረጠ እንጀራ በትሪ ላይ ተሰጥቶ ሲያድር ድርቆሽ ይሆናል። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ለሚወርድ ሠራተኛ ከድርቆሽ የሚሻል ስንቅ የለም። ታጥቦ የተንጠፈጠፈ ሰሊጥም በስስ ትሪ ላይ ሆኖ በዚህ ሙቀት ሳያር ይደርቃል። በፀሐይ ጊዜ ፀሐይ በነጻ የምትሠራውን ሥራ ለምጣድ መስጠት አያስፈልግም፤ ነገር ግን ክረምት ገብቶ በርበሬውና ቅመሙ እርጥበት ሲይዘው፣ ይህ የምጣድ ትርፍ ሙቀት ትልቅ ረዳት ነው። የተሠራ ሽሮ ወይም ወጥ ያለበት ድስት በክዳኑ ላይ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎበት ከምጣዱ አጠገብ ቢቀመጥ ደግሞ፣ ራት እስኪቀርብ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ይቆያል።

ለምጣዱ የማይሰጥ ሥራ

ብዙ ጥቅም ማግኘት ማለት ሁሉን ነገር በምጣድ ላይ መጣል ማለት እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ቡና በእንጀራ ምጣድ ላይ አይቆላም፤ ቅባቱና ሽታው በሸክላው ውስጥ ሠርጎ ወደ እንጀራው ይሄዳልና። ቆሎም እንዲሁ ነው፤ እህሉ ሲማሰል በጎመን ዘር የተሟሸውን የምጣድ ፊት ይፍቀዋል፤ ፊቱ የተፋቀ ምጣድም እንጀራ ይይዛል። ቡናና ቆሎ የራሳቸው ብረት ምጣድ ይኑራቸው። ከባድ ድስት በሸክላው ላይ አስቀምጦ ወጥ መሥራትም ሁለት ጉዳት አለው፤ አንደኛ፣ ከስድሳ ሣንቲ ሜትር ምጣድ ላይ ድስቱ የሚሸፍነው መካከሉን ብቻ ስለ ሆነ የቀረው ሙቀት ይባክናል፤ ሁለተኛ፣ ክብደቱ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። ለወጥ ከ1,000 እስከ 1,500 ዋት የምትወስድ ትንሽ ምድጃ ትበቃለች።

በተለይ ስለ አደጋ እናሳስባለን። የተሰነጠቀ ምጣድ ሽቦው ሊገለጥ ስለሚችል በጭቃም በሲሚንቶም ለጥፎ መጠቀም ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይፈስም። ምጣዱ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር የሚስብ ስለ ሆነ፣ በቀጭን ሽቦና በተቀጣጠለ ሶኬት ከሌላ ዕቃ ጋር መጋራት የለበትም። ከአራት ሚሊ ሜትር ካሬ ያላነሰ ሽቦ፣ ለብቻው የተሠራ መስመርና ወደ መሬት የሚገባ መከላከያ ሽቦ ያስፈልገዋል። ይህ ለአንድ ጊዜ የሚወጣ ወጪ ነው፤ የተቃጠለ ቤት ግን በቀላሉ አይመለስም።

«ምጣዱ ሰነፈ» ሲባል

ብዙ ጊዜ «ምጣዱ ዛሬ ሰነፈ፤ እንጀራው ዓይን አልወጣለትም» ሲባል ይሰማል። ጥፋቱ የምጣዱም የሊጡም ላይሆን ይችላል። ሰው ሁሉ መብራቱንና ማራገቢያውን በሚጠቀምበት በማታ ጊዜ የኤሌክትሪኩ ግፊት ይወርዳል። 220 የነበረው ቮልት ወደ 180 ቢወርድ፣ ምጣዱ ከሚሰጠው ሙቀት ሦስተኛውን እጅ ያህል ያጣል፤ 3,500 ዋት የነበረው ወደ 2,300 ዋት ይጠጋል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚጋግር ሰው ለማጋል ረዥም ጊዜ ይጠብቃል፤ ምጣዱ በዘገየ መጠንም ወደ አየር የሚበተነው ሙቀት ይበዛል፤ በመጨረሻውም ያልበሰለ እንጀራ ያገኛል። ስለዚህ ማለዳ ወይም ሌሎች ቤቶች ብዙ በማይጠቀሙበት ሰዓት መጋገር ለራስም ለጎረቤትም ይበጃል። ኃይሉ በመካከል ቢቋረጥ ደግሞ ክዳኑን ከፍቶ ከመመልከት ይልቅ ዘግቶ መጠበቅ ይሻላል፤ ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ጎረቤትም ቢተባበር ትርፉ ይበዛል። ሦስት ቤቶች አሥር አሥር እንጀራ ለየብቻቸው ቢጋግሩ ሦስት ምጣድ ከቅዝቃዜ ይነሣል፤ በአንዱ ቤት ምጣድ ተራ በተራ ቢጋግሩ ግን አንዱ ማጋያ ለሦስቱም ይበቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ በቆጣሪ ይረጋገጣል። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው ደግሞ ይህ ዓይነቱ መሰባሰብ ከኤሌክትሪኩ ዋጋ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

የሌላው አገር ልማድ

አንድን ዕቃ ከታሰበለት ሥራ አሳልፎ ማሠራት በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። በአሜሪካ አገር ከ1930ዎቹ ዓመቶች ጀምሮ፣ ክዳን ያለውና በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ የኤሌክትሪክ መጥበሻ በብዙ ቤቶች ይገኛል። 1,400 ዋት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው የሚያወጣው በበዓል ቀን ትልቁን ዶሮ ተርኪን ለመጥበስ ብቻ ነው። ያስተዋሉት የቤት እመቤቶች ግን ዳቦም፣ ድንችም፣ ወጥም ይሠሩበታል፤ በሞቃት ወራት ትልቁን ምድጃ አንድደው ቤቱን ከማጋል በእርሱ ይገላገላሉ።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ በዚያው አገር ከሚኖሩት የአገራችን ሰዎች ይገኛል። ከኖርዌይ የመጡ ስደተኞች ሌፍሰ የሚሉትን ስስ የድንች ቂጣቸውን የሚጋግሩበት፣ ቤታኒ በሚባል ድርጅት የሚሠራ አርባ ሣንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ። ሠሪዎቹ ለሌፍሰ ያበጁትን ይህን ምጣድ፣ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እመቤቶች ሊጣቸውን አፍስሰውበት የእንጀራ ምጣድ አደረጉት። የኖርዌዩ ስደተኛ ዕቃ የሐበሻውን ስደተኛ መሶብ ሞላ ማለት ነው። ዕቃው ምን እንደሚሠራ የሚወስነው ሠሪው ብቻ እንዳልሆነ ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ኤሌክትሪክ ለሌለው

ይህን ሁሉ ስንል ኤሌክትሪክ ያልደረሰውን ወገን አንዘነጋም። ኤርትራውያን ስደተኞች ወደ ምሥራቅ ሱዳን መግባት ከጀመሩበት ከ1967 አንሥቶ፣ በኅዳር 2020 ከትግራይ ተከዜን ተሻግረው በሐምዳየት በኩል እስከ ገቡትና በኡም ራኩባ እስከ ሠፈሩት ድረስ፣ በዚህ አገር እጅግ ብዙ እናቶች እንጀራቸውን የጋገሩት በእንጨት ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ለሊጡ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ነው፤ የቀረው ጭስና ንፋስ ይወስደዋል። በየሠፈሩ ዙሪያ ዛፉ ባለቀ መጠንም እንጨት ለቃሚዋ ወደ ሩቅ ትሄዳለች፤ በመንገዷም ብዙ አደጋ ያገኛታል። በኢትዮጵያ «ምርጥ» የተባለው ምድጃና በኤርትራ «አድሐነት» የተባለው የተሻሻለ ሞጎጎ እሳቱን ዙሪያውን ስለሚዘጉት ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ከላይ የተነገረው ሥርዓትም በእንጨት ምጣድ ላይ ያው ነው፤ እንጀራው በብርቱው ትኩሳት፣ አምባሻው በለዘበው፣ ድርቆሹ በፍሙ ላይ። አንድ እሳት ለሦስት ሥራ የበቃ እንደ ሆነ፣ ከሦስቱ የእንጨት ጉዞ ሁለቱ ሊቀር ይችላል።

ሥልጣኔ የሚለካው በቤት ውስጥ በተደረደሩት ዕቃዎች ብዛት ብቻ አይደለም፤ በየዕቃው ላይ በሚታየው የአያያዝ ብልሃትም ነው። የአትባራ ውኃ ከጎንደር ተራሮች ወርዶ፣ በቂርባ ተገድቦ፣ ሽቦ ለሽቦ ተጉዞ ማድቤት እስኪደርስ ድረስ የብዙ ሰው ድካም አለበት። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» እንደሚባለው፣ ምጣዱም በጋለበት ሰዓት ሥራውን ሁሉ ያገኘ እንደ ሆነ፣ መሶቡ ይሞላል፤ ቆጣሪውም እስከ ወሩ መጨረሻ ያደርሳል።